ልጄ ለኤንኤፍኤል ድራፍት ስሙን ያስገባ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ «ልጄ 21 ዓመቱ ነው። ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል፤ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል፣ ቦታው ኮርነርባክ (የተጋጣሚን ኳስ ተቀባዮች የሚጠብቅ ተከላካይ) ነው። ባለፈው ወር አንድ ሰው ደውሎ 'ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ዙር ባለው ትመረጣለህ፣ ዘንድሮውኑ ስምህን አስገባ' አለው። ካልተመረጠም ወደ ኮሌጁ ተመልሶ አንድ ዓመት መጫወት ይችላል ብሎታል። የልጁ ልብ ሄዷል። አባቱ ደግሞ 'ዲግሪውን ሳይዝ ንቅንቅ አይላትም' ብሎ ቤታችን ሰላም አጣ። እኔ ድራፍት የሚባለው ነገር ራሱ እንደ ዲቪ ዕጣ ይሁን እንደ ቅጥር አልገባኝም። ምን ይሻለናል?» (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ምላሽ፦

የደወለው ሰው የነገራችሁ ትልቁ ነገር ስህተት ነው። ልጅዎ ስሙን አስገብቶ ባይመረጥ ወደ ኮሌጁ ቡድን ተመልሶ መጫወት አይችልም። ክፍል ገብቶ መማር ይችላል። ማሊያ መልበስ ግን አበቃ። ሌላው የሚነገራችሁ ነገር ቢሳሳት ሊታረም ይችላል። ይሄ አይታረምም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። (ወሮቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የኮሌጅ መጫወቻ ጊዜው ያልተጠናቀቀ ተጫዋች ወደ ሊጉ (ወደ ኤንኤፍኤል፣ ዋናው የአሜሪካ ፉትቦል የፕሮፌሽናል ሊግ) መግባት ከፈለገ በጃንዋሪ አጋማሽ ገደማ በጽሑፍ ያሳውቃል። የማሳወቂያው ቀን ካለፈ በኋላ ሐሳቡን ለመለወጥ 72 ሰዓት ይሰጠዋል። በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ፣ ከኤጀንት (ተጫዋቹን ወክሎ ከሚደራደር ሰው) ጋር እስካልፈረመ ድረስ፣ ስሙን አውጥቶ ወደ ቡድኑ መመለስ ይችላል። 72ቱ ሰዓት ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። ድራፍቱ ራሱ የሚደረገው ግን በኤፕሪል መጨረሻ ነው። ልብ ይበሉ፤ በሩ የሚዘጋው በጃንዋሪ፣ ውጤቱ የሚታወቀው በኤፕሪል። በመሀሉ ሦስት ወር አለ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ኤፕሪልን የውሳኔ ወር እያደረገ ነው።

ይህ ውዥንብር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በቅርጫት ኳስ ሕጉ ላላ ያለ ነው፤ እዚያ ስም አስገብቶ፣ ገበያውን አይቶ፣ ወደ ኮሌጅ የመመለስ ዕድሉ ሰፋ ይላል። ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ። በፉትቦል እንዲህ ያለ ነገር የለም።

በ2004 የሆነውን ላንሳ። ሞሪስ ክላሬት የተባለ የኦሃዮ ስቴት ተጫዋች፣ ከሃይስኩል ከወጣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ድራፍት አይገባም የሚለውን ሕግ በፍርድ ቤት ተቃወመ። በፌብሩዋሪ አንድ ዳኛ ፈረደለት። ይህን ያየ ማይክ ዊሊያምስ የተባለ የዩኤስሲ ተጫዋችም ስሙን አስገባ፣ ኤጀንት ያዘ። ከዚያ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገለበጠው። ዊሊያምስ ወደ ኮሌጁ ልመለስ ብሎ ለመነ፤ አልተፈቀደለትም። ያን ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ቆየ። እሱ በጣም የተፈለገ ልጅ ስለነበር በ2005 በ10ኛ ቁጥር ተመረጠ። ክላሬት ግን በሦስተኛ ዙር መጨረሻ፣ በ101ኛ ቁጥር ዴንቨር ወሰደውና አንድም መደበኛ ጨዋታ ሳይጫወት ተሰናበተ። የሦስት ዓመቱ ሕግ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ልጅዎ ሦስተኛ ዓመቱ ስለሆነ ሕጉ አያግደውም። ጥያቄው መግባቱ ያዋጣዋል ወይ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ዲቪው። ድራፍት ዕጣ አይደለም፤ ቅጥርም አይደለም። ቡድኖች ተራ በተራ ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን የሚወስዱበት ሥርዓት ነው። 32 ቡድኖች፣ ሰባት ዙር፣ ሦስት ቀን። ሐሙስ ማታ የመጀመሪያው ዙር፣ ዓርብ ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ቅዳሜ የቀረው አራት ዙር። ባለፈው ዓመት የከፋ ውጤት ያለው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፤ ዋንጫውን የወሰደው መጨረሻ። ደካማው እንዲጠነክር ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ሐሳቡን ያመጣው በርት ቤል የተባለ የፊላደልፊያ ቡድን ባለቤት ነበር፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ሲሸነፍ ሰልችቶት። የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 በፊላደልፊያ አንድ ሆቴል ውስጥ ተደረገ። አንደኛ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር አንድም ቀን በሊጉ አልተጫወተም። ያኔ በፉትቦል ይህን ያህል ገንዘብ አልነበረም።

ተጫዋቹ ቡድን አይመርጥም። የመረጠው ቡድን ብቻውን መብቱን ይይዛል። ቦ ጃክሰን በ1986 ታምፓ ቤይ አንደኛ ሲመርጠው እምቢ ብሎ ቤዝቦል ሄደ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሰባተኛ ዙር ሌላ ቡድን ወሰደው። እንዲህ የማድረግ አቅም ያለው በትውልድ አንድ ሁለት ሰው ነው። ልጅዎ ከተመረጠ የተመረጠበት ከተማ ይሄዳል።

በአንድ ዓመት የሚመረጠው ጠቅላላ ቁጥር 260 ገደማ ነው። በ2025 257 ነበር። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ ራሱ በሚያወጣው ስሌት፣ ለድራፍት ከሚደርሱ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች የሚያልፉት 1.6 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህን የምጽፈው ልጁን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በትልቅ ኮሌጅ ቋሚ ተሰላፊ የሆነ ልጅ ዕድሉ ከዚህ ይሻላል። ግን ቁጥሩን እናትም አባትም ማወቅ አለባቸው።

«ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ዙር» የሚለውን አነጋገር ቀረብ ብለን እንየው። ሊጉ ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ያዘጋጀው አማካሪ ኮሚቴ አለ። አባላቱ የቡድኖች ከፍተኛ መልማዮች ናቸው። ተጫዋቹ በኮሌጁ በኩል ይጠይቃል፣ ኮሚቴው ቪዲዮውን አይቶ በጽሑፍ ይመልሳል። መልሱ ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ አንደኛ ዙር ሊደርስ ይችላል፣ ሁለተኛ ዙር ሊደርስ ይችላል፣ ወይም ኮሌጅ ይቆይ። «ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ» የሚል መልስ የለም። ስለዚህ ያ ሰው የነገራችሁ ነገር ከኮሚቴው አልመጣም። ከሦስተኛ ዙር መጀመሪያ እስከ አምስተኛ ዙር መጨረሻ ደግሞ ከመቶ በላይ ተጫዋቾች ይመረጣሉ። «ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ባለው አንድ ቦታ ታገኘኛለህ» እንደማለት ነው።

ያን ያህል ስፋት ያለው ግምት እንኳን ሊስት ይችላል። በ2025 ሸዱር ሳንደርስን በአንደኛው ዙር የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። አባቱ ዝነኛ፣ ስሙ በየቴሌቪዥኑ። ሐሙስ አለፈ፣ ዓርብ አለፈ፣ ቅዳሜ በአምስተኛ ዙር በ144ኛ ቁጥር ክሊቭላንድ ወሰደው። ይህን ያህል የታየ፣ ይህን ያህል የተተነተነ ልጅ ላይ አገር ሙሉ ከተሳሳተ፣ አንድ ስልክ የደወለ ሰው በልጅዎ ላይ በምን እርግጠኛ ይሆናል?

የኮርነርባክ ነገር ደግሞ ፍጥነት ነው። በፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከ300 በላይ የተጋበዙ ልጆች የሚፈተኑበት ኮምባይን የሚባል ነገር አለ። እዚያ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል፣ ይሮጣሉ። ክብረ ወሰኑ ዛቪየር ወርዚ በ2024 የሮጠው 4.21 ሰከንድ ነው። ኮርነር ከ4.6 በላይ ከሮጠ በብዙ ቡድኖች ዝርዝር ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ልጅዎ «4.4 እሮጣለሁ» ካለ ማን እንደለካው ይጠይቁት። አሠልጣኝ በእጅ የያዘው ሰዓት ሁልጊዜ ልጁን ያፈጥነዋል። በኤሌክትሮኒክ ሲለካ ቁጥሩ ይቀየራል፤ በሁለት በሦስት መቶኛ ብቻ ላይሆንም ይችላል። ቡድኖች ከሩጫውም በላይ የሚፈልጉት ግን የሕክምና ምርመራውን ነው። ትከሻ፣ ጉልበት፣ የቆየ ቀዶ ሕክምና፣ ሁሉም ይወጣል። ልጅዎ የደበቀው ሕመም ካለ አሁን ለእናንተ ይንገራችሁ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙ ቤት የሚጣላው በዚህ ነው። «ተመረጠ» ማለት «ሀብታም ሆነ» ማለት መሆኑ ድሮ ቀርቷል። እስከ 2010 አንደኛ የተመረጠ ልጅ እንደ ድርድሩ ይወስድ ነበር። በዚያ ዓመት ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ፈረመ። በ2011 አዲሱ የሥራ ስምምነት መጣና ለእያንዳንዱ ቁጥር ዋጋ ተቀመጠለት። በዚያው ዓመት አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን ያገኘው 22 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ወዲህ ኤጀንት ተከራክሮ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። «እኔ የበለጠ አስከፍልልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሕጉን አያውቅም ወይም እናንተ እንደማታውቁት ገምቷል።

በ2025 አንደኛ የተመረጠው ካም ዋርድ ወደ 48.8 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን፣ ሙሉ ዋስትና ያለው የአራት ዓመት ውል አገኘ። 144ኛው ሳንደርስ ያገኘው የአራት ዓመት ውል በወረቀት 4.6 ሚሊዮን ይላል። ከዚህ ውስጥ በፊርማ ገንዘብነት የተሰጠው 447 ሺህ ገደማ ነው። የቀረው የሚከፈለው ቡድኑ ውስጥ ከቆየ ብቻ ነው። ዘመድ የሚሰማው 4.6 ሚሊዮኑን ነው። እናንተ ማስላት ያለባችሁ 447 ሺህውን፣ እሱንም ግብር ተቆርጦ።

መቆየቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቡድን በበጋ 90 ተጫዋቾች ይዞ ልምምድ ይጀምራል። ኦገስት ሲያልቅ 53 ይቀራሉ። የተመረጠ ልጅም ይባረራል፤ በተለይ በስድስተኛና በሰባተኛ ዙር የመጣ። በሦስተኛ ዙር የተወሰደ ልጅ ላይ ቡድኑ ትልቅ ነገር ስላወጣበት ሁለት ሦስት ዓመት ይታገሠዋል። በሰባተኛ ዙር የመጣን ልጅ አንድ መጥፎ የልምምድ ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ የሚመረጥበት ዙር ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥትም ነው። ከ53ቱ ውጭ ሆነው በልምምድ ቡድን የሚቀሩ አሉ። በ2025 የእነሱ ክፍያ በሳምንት 13 ሺህ ዶላር ነበር፤ ከ53ቱ ውስጥ ያለ ጀማሪ ዝቅተኛው ደግሞ 840 ሺህ በዓመት። የልምምድ ቡድን ተጫዋች በማንኛውም ሳምንት «አመሰግናለሁ» ሊባል ይችላል። ሦስት የውድድር ዓመት ያልሞላ ሰው የሊጉ ጡረታም፣ ከወጣ በኋላ የሚቀጥለው የጤና መድን መብትም የለውም። የተጫዋቾች ማኅበር አማካይ የሥራ ዘመን የሚለው ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ነው።

ልጅዎ ብሮክ ፐርዲን ወይም ቶም ብሬዲን እንደሚጠቅስ አውቃለሁ፤ ሁሉም ይጠቅሳሉ። ብሬዲ በ2000 199ኛ ተመርጦ ሰባት ዋንጫ ወሰደ። ፐርዲ በ2022 ከሁሉም መጨረሻ፣ 262ኛ ተመርጦ ቡድኑን ለሱፐር ቦል፣ ለሊጉ የዋንጫ ጨዋታ፣ አበቃ። እውነት ነው። ግን ሕጉ በድራፍት የተመረጠ አዲስ ተጫዋች ሦስት የውድድር ዓመት ሳይጨርስ ውሉን እንዳያሻሽል ስለሚከለክል፣ ፐርዲ ሱፐር ቦል የተጫወተው በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በታች እየተከፈለው ነው። የ265 ሚሊዮን ዶላር ውሉን የፈረመው በ2025 ነው። ሁለቱም ደግሞ የኮሌጅ ጊዜያቸውን ጨርሰው የወጡ ናቸው። ቸኩለው አልወጡም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የድራፍቱን ቅዳሜ ከአንድ የእኛው ቤተሰብ ጋር አሳልፌያለሁ። ሳሎኑ ሞልቷል። ዶሮው ከጠዋት ጀምሮ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። የልጁ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ቻርጀር ተሰክቶበት ተቀምጧል። በአምስተኛው ዙር መሀል ጮኸ። ሁሉም ብድግ አለ። አጎቱ ከአዲስ አበባ ነበር፤ «ተመረጠ እንዴ?» ሊል። ልጁ ስልኩን ዘግቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እናቱ አልተከተለችውም፤ እንጀራ መቁረጥ ቀጠለች፣ ማንም ሳይበላ። በሰባተኛው ዙር ላይ እውነተኛዎቹ ስልኮች መጡ። ሁለት ቡድኖች «ካልተመረጥክ ወደ እኛ ና» አሉት። ከዚያ የሆነው ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። አባትየው ወረቀት አምጥቶ ሁለቱ ቡድኖች ስንት ኮርነርባክ እንዳላቸው ጎን ለጎን ጻፈ። አንዱ ጋ አሥራ አንድ፣ ሌላው ጋ ሰባት። ወደ ሰባቱ ሄደ። ያልተመረጠ ልጅ ቡድኑን ራሱ ይመርጣል፤ በሰባተኛ ዙር የተመረጠው ይህ ዕድል የለውም። ማልኮም በትለር በ2014 ማንም ሳይመርጠው ኒው ኢንግላንድ ገብቶ ያንኑ ዓመት ሱፐር ቦሉን በመጨረሻዋ ደቂቃ ኳስ ጠልፎ ያዳነ ኮርነር ነው። ከርት ዋርነር በ1994 ሳይመረጥ ቀርቶ፣ ከሞከረውም ቡድን ተቀንሶ፣ አዮዋ ውስጥ ሱፐርማርኬት ዕቃ ይደረድር ነበር። በኋላ ሱፐር ቦል ወሰደ። አለመመረጥ መጨረሻ አይደለም። ያ ቤተሰብ ያን ቅዳሜ የቻለው ግን ልጁ ዲግሪውን በዲሴምበር ስለጨረሰ ነው። ከጓሮ ሲመለስ ፊቱ ላይ ሐዘን እንጂ ድንጋጤ አልነበረም።

አባቱን በሚመለከት። ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። ትምህርትና ኳስ ተፎካካሪ አድርጎ ካቀረበው ልጁ ኳሱን ይመርጣል። አንድሩ ላክ በ2011 አንደኛ እንደሚመረጥ ሁሉም እያወቀ ስታንፎርድ ተመልሶ ዲግሪውን ጨረሰ፤ በ2012 አንደኛ ተመረጠ። ብዙ ልጆች በበጋ ኮርስ ወስደው በሦስት ዓመት ተኩል ይጨርሳሉ። የልጅዎን የትምህርት አማካሪ «ስንት ክሬዲት ቀረው? በሚቀጥለው ዲሴምበር ይጨርሳል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ በሚቀጥለው ጃንዋሪ ዲግሪውን ይዞ፣ ሌላ ጉዳይ ሳይኖርበት ለኮምባይን ይዘጋጃል። አባትም ልጅም ያሉት ሆነ ማለት ነው።

መቆየት አደጋ የለውም አልልም። ማት ላይናርት በ2004 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ሽልማት ወስዶ ሲያበቃ አንድ ዓመት ቆየ፤ አንደኛ ይመረጣል የተባለው ልጅ በ2006 10ኛ ሆነ። በሌላ በኩል ጆ በሮው ከ2018 ውድድር በኋላ ቢወጣ ኖሮ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ቢመረጥ እንኳ እድለኛ ይባል ነበር። ቆየ፣ በ2019 ነጥብ የሆኑ (ተችዳውን የሚባሉ) 60 ኳሶች አቀበለ፣ ሃይስማን ወሰደ፣ በ2020 አንደኛ ተመረጠ። ልዩነቱን ይመልከቱ። ላይ ያለ ልጅ ሲቆይ የሚያጣው ብዙ፣ የሚያገኘው ጥቂት ነው። መሀል ያለ ልጅ ግን ሲቆይ የሚያገኘው ብዙ ነው። የልጅዎ ቦታ መሀል ነው።

እውነተኛው ፍርሃት ጉዳት ነው። ጄይለን ስሚዝ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ይገባል ሲባል በጃንዋሪ 1 ቀን 2016 በመጨረሻ የኮሌጅ ጨዋታው የጉልበቱ ጅማቶች ተበጠሱ፤ ነርቩም ተጎዳ። 34ኛ ተመረጠ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ቆየ። ኢንሹራንስ ስለነበረው ከኪሳራው የተወሰነውን አገኘ። ልጅዎ ከቆየ ስለዚህ መድን ኮሌጁን ጠይቁ። ነገር ግን ማንም ሻጭ ስላግባባችሁ ብቻ አትፈርሙ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጨርሶ መጫወት ካልቻለ የሚከፍል፣ ሌላው ዋጋው ከወረደ የሚከፍል። ሁለተኛው በጣም ከፍ ብለው ለሚጠበቁ ልጆች እንጂ ለመሀል ተጫዋች ብዙ ጊዜ ትርጉም የለውም።

መቆየት ማለት ደግሞ እንደ ድሮው በባዶ ኪስ መቆየት አይደለም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተማሪ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይፈቀድለታል። ከ2025 ወዲህ ኮሌጆቹ ራሳቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ ይከፍላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው በኮሌጅ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቋሚ ተሰላፊ ኮርነር ከዚህ የሚደርሰው ድርሻ አለ። መጠኑ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፤ አሠልጣኙን ፊት ለፊት ይጠይቁት። አንዳንድ ቦታ ከልምምድ ቡድን ክፍያ አይተናነስም። ቸኩለው ለድራፍት ስም የሚያስገቡ ልጆች ቁጥር የቀነሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ደዋዩ። ምናልባት ፈቃድ ያለው ኤጀንት ነው። ምናልባት ለኤጀንት ልጆች የሚያመጣ ደላላ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኤጀንት ከተጫዋቾች ማኅበር ፈቃድ ይወስዳል፣ ይፈተናል። ከውሉ ሊወስድ የሚችለው ቢበዛ 3 በመቶ ነው። ስሙ በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ አለ ወይም የለም፤ መሀል ቤት ነገር የለውም። ልጁ ዘንድሮ ቢወጣ እሱ ዘንድሮ ደንበኛ ያገኛል። ቢቆይ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ኤጀንቶች ይመጡና ልጁ ያመልጠዋል። ምክሩ ከዚህ ጥቅም ጋር የተያያዘ መሆኑን ማወቅ አለባችሁ፤ ሰውየው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። አምስተኛ ዙር ይመረጣል የተባለው ልጅ ሳይመረጥ ቢቀር እሱ አንድ ደንበኛ ያጣል። ልጅዎ አንድ ዓመት ያጣል።

ጥንቃቄ የምላቸው እነዚህን ነው። ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት አይፈረምም፤ «ለፎርማሊቲ ነው» ቢባልም። ከኤጀንት ገንዘብ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ስልክ፣ ለእናትም ለእህትም ቢሆን አይቀበሉም፤ የልጁን የመጫወት መብት ያሳጣል። በጃንዋሪና በኤፕሪል መሀል ያለውን የልምምድ ወጪ ብዙ ጊዜ ኤጀንት ይሸፍናል። ውሉ ላይ «ይመለሳል» የሚል ካለ ግን ዕዳ ነው። ይህን አንቀጽ የሚያነብ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል፤ ጠበቃውን ኤጀንቱ አይመርጥላችሁም።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። በዚህ ሳምንት ልጁ ራሱ አሠልጣኙ ጋ ሄዶ የኮሚቴውን ግምገማ ይጠይቅ። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር ያበቃል፤ ካለፈ አለፈ ነው። መልሱ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ዙር ካለ ይውጣ። ያኔ አባቱን እኔም አግባባዋለሁ፤ ዲግሪው ቀርቶ አይቀርም፣ ብዙዎች ተመልሰው ጨርሰዋል። መልሱ «ይቆይ» ካለ ይቆይ። ስሙንም «ለመሞከር» ብሎ አያስገባ። 72 ሰዓት አጭር ነው፤ ሰው ተሰብስቦ እያጨበጨበለት ያለ ልጅ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ኋላ መመለስ እንዴት እንደሚከብደው አይቻለሁ። እስከዚያ ድረስ ማንም ምንም አይፈርም።

ሰኞ ጠዋት ኮሌጁ ስፖርት ክፍል ውስጥ ያለውን የሕግ ተገዢነት ቢሮ ይደውሉ። ኮምፕላያንስ ኦፊስ ይሉታል። የልጁ መጫወቻ ጊዜ አንድ ዓመት ቀረው ወይስ ሁለት ብለው ይጠይቁ። አንደኛ ዓመቱን ሳይጫወት አሳልፎ ከሆነ ሁለት ሊቀረው ይችላል፤ ያ ደግሞ ስሌቱን ሁሉ ይለውጠዋል። ያ ሰው እንደገና ሲደውል ስልኩን እርስዎ ያንሱት። ሙሉ ስሙን ፊደል በፊደል ያስጽፉ፣ ፈቃዱን ይጠይቁ፣ «ካልተመረጠ ይመለሳል» ያለውን በኢሜይል ይላክልን ይበሉት።